ውርርዱ የት አለ? አዲስ ተውኔት ስለማየት

አዲስ ትያትር መጣ ሲባል ደብረ ብርሃን ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው «እነማን አሉበት?» ነው። ተዋንያኑ በቴሌቪዥን ይታወቃሉ፤ ፎቷቸው ፖስተሩን ሞልቶታል። የጸሐፊው ስም ከስፖንሰሮቹ ዓርማ በላይ በደቃቅ ፊደል ይገኛል፣ ከተገኘ። ብዙ ዓመት በመድረክ ለቆየ ሥራ ይህ እምብዛም አይጎዳም፤ ሰው ምን እንደሚጠብቅ አስቀድሞ ሰምቷል። አዲስ ተውኔት ግን ገና ስም የለውም። ጥሩ ይሁን መጥፎ የነገረን የለም፤ የመጀመሪያው ዳኛ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ተመልካች ነው። ዳኝነት ደግሞ ዘዴ ይፈልጋል።

የሰሜን ሸዋ ተመልካች ጆሮው ስል ነው። ሙሾና ፉከራ ሰምቶ፣ ሽማግሌ ሲናገር አዳምጦ፣ ቅኔ ሲዘረፍ ቆሞ አድጓል፤ ሰምና ወርቅ በቀላሉ አያመልጠውም። የሚያሳስተውም ይኸው ጆሮው ነው። ያማረ ቃል ሲሰማ ያጨበጭባል፤ ቃሉ ታሪኩን ፈቀቅ ያድርገው አያድርገው አይጠይቅም። ጸሐፊዎችም ይህን ስለሚያውቁ በየአምስት ደቂቃው አንድ ጭብጨባ የሚያመጣ ዓረፍተ ነገር ይሰካሉ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲጨበጨብ ቆይቶ፣ ሰው ከአዳራሽ ሲወጣ «ታሪኩ ምን ነበር?» ቢባል መልስ ያጣል።

መድኃኒቱ ከራሳችን ወግ አይርቅም። በድሮው ሙግት፣ በበላ ልበልሃ፣ ተሟጋቹ በግጥምና በተረት ቢናገርም ንግግሩ ባዶ ውበት አልነበረም፤ ውርርድ ነበረበት። ማር ይወራረዳል፣ በቅሎ ይወራረዳል፤ ከተረታ ይከፍላል። እያንዳንዱ ያማረ ስንኝ ከበስተኋላው የሚጠፋ ወይም የሚተርፍ ንብረትና ክብር ነበረው። ተውኔትም እንዲሁ ነው። ማንኛውም ገጸ ባሕርይ አፉን ሲከፍት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ፦ ይህ ሰው አሁን ባይታመን፣ ባይሰማ፣ ባይፈቀድለት ምን ያጣል? መልሱ «ምንም» ከሆነ ንግግሩ የቱንም ያህል ቢያምር ትዕይንቱ ቆሟል ማለት ነው።

በምሳሌ ይታይ። መንዝ ውስጥ ሁለት ወንድማማቾች የአባታቸው ተዝካር በወጣ ማግስት ይገናኛሉ እንበል።

ታላቅ፦ «ቡሬዋ ወለደች እንዴ?»
ታናሽ፦ «ገና ናት።»
ታላቅ፦ «አባባ በጥር ትወልዳለች ብለውኝ ነበር።»
ታናሽ፦ «አባባ ብዙ ነገር ብለው ነበር፣ አያ።»

ስለ ውርስ አንድ ቃል አልተነገረም። ነገር ግን ላሚቱ አለች፣ ጥጃዋ አለች፣ ታላቅነት አለ፣ የሟች ቃል ለማን እንደተነገረ የሚያከራክር ነገር አለ። ጥሩ ተዋናይ «ብዙ ነገር ብለው ነበር» የሚለውን ፊቱን ሳያዞር ቢናገረው አዳራሹ ጸጥ ይላል። አሁን ይህንኑ ትዕይንት ደካማ ጸሐፊ ሲጽፈው አስቡት። ታላቅየው ወደ ተመልካቹ ዞሮ «መሬትና ከብት ወንድምን ከወንድም ለየው! ገንዘብ ሆይ፣ ስንቱን አስለቀስክ!» ይላል። ይጨበጨባል። ታናሽየው ጭብጨባው እስኪያልቅ ቆሞ ይጠብቃል። ማንም ምንም አልተወራረደም።

በአማርኛ ተውኔት ውስጥ ከቃሉ ትርጉም ይልቅ ቅርጹ ላይ የሚታይ ሌላ ድርጊት አለ፤ የአክብሮት አጠራር። ምራት አማቷን ሙሉ ገቢር፣ ማለትም አንድ ትልቅ የተውኔት ክፍል ሙሉ፣ «አንቱ» ስትል ቆይታ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር መሐል «አንቺ» ካለቻት ያ በጥፊ ከመማታት አያንስም፤ ሳህን መሰባበር፣ ጩኸት፣ ሙዚቃ አያስፈልገውም። ገበሬው ልጁን ያስተማረችለትን ወጣት መምህርት «እርስዎ» ሲል፣ እሷ ደግሞ «አባባ» ስትለው በመካከላቸው ያለው ርቀትና ፍቅር አብሮ ይነገራል። ጥሩ የዘመኑ ጸሐፊ ይህን መለወጫ ቆጥቦ፣ አንድ ወይም ሁለት ቦታ ላይ ያኖረዋል። ያልተጠነቀቀ ግን በአንድ ገጽ ውስጥ አንዲቱን ሴትዮ ሦስት ጊዜ አንቱ፣ ሁለት ጊዜ አንቺ እያሰኘ ይቀላቅላል። ይህ ሲታይ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ወይ ጽሑፉ አልታረመም፣ ወይ ተዋናዩ ቃለ ተውኔቱን በደንብ ሳያጠና ወጥቷል። ሁለተኛ ቀን ቢታይ ይለያል፦ ስሕተቱ በዚያው ቦታ ከተደገመ የጸሐፊው ነው፣ ቦታውን ከቀየረ የተዋናዩ ነው።

የመንዝ አነጋገርም እዚህ ጋ ይነሳል። ባላገር ገጸ ባሕርይ መድረክ ላይ ወጥቶ ገና አፉን ሲከፍት ሰው የሚስቅ ከሆነ፣ ጸሐፊው ዘዬውን ለቀልድ ነው ያመጣው። መለኪያው ቀላል ነው፤ ያ ሰው በዚያው ዘዬ ሲያዝን ወይም ሲያስፈራ ይታያል ወይ? ካልታየ ገጸ ባሕርይ አይደለም፣ ማሳቂያ ነው።

የመጀመሪያውን አሥራ አምስት ደቂቃ እንቅልፍ ሳይመጣ በደንብ ማየት ይገባል፤ የአዲስ ተውኔት አብዛኛው በሽታ ያኔ ይታያል። ዋነኛው «እንደምታውቂው» የሚባለው ነው። ባል ለሚስቱ፦ «እንደምታውቂው ከተጋባን 9 ዓመታችን ነው፤ ወንድምሽም ከአረብ አገር ከመጣ ወዲህ ከእኛ ጋር ነው የሚኖረው።» ሚስቲቱ ይህን ታውቃለች፤ የተነገረው ለእኛ ነው። ምክንያቱን ለማወቅ ጸሐፊው ከየት እንደመጣ ማየት ይረዳል። ብዙዎቹ ብዕራቸውን ያሟሹት በሬዲዮ ድራማ ነው። ሬዲዮ ዓይን ስለሌለው ሁሉ ነገር በቃል መነገር አለበት፤ «ይህን ቢላዋ ከየት አመጣኸው?» ማለት ግድ ነው። መድረክ ላይ ግን ቢላዋው ይታያል። የሬዲዮ ልማድ ያልለቀቀው ጸሐፊ የሚታየውን ደግሞ ያስወራል። ሁለተኛው በሽታ ስልክ ነው፤ ገጸ ባሕርዩ ብቻውን ቆሞ «ሃሎ... ምን? ሞተ? መቼ?» ይላል። ዋናው ድርጊት ከመድረክ ውጪ ተፈጸመ፣ እኛ ዘገባውን ብቻ ሰማን። አንድ ስልክ ይቻላል። ሦስት ከሆነ ጸሐፊው ሰዎቹን ፊት ለፊት ማገናኘት ከብዶታል።

ከተከታታይ ድራማና ከፊልም የመጣው ደግሞ ትዕይንት ይቆራርጣል። ሳሎን፣ ቢሮ፣ መንገድ፣ ሆስፒታል፣ እንደገና ሳሎን። ካሜራ ይህን በቅጽበት ይሻገረዋል፤ መድረክ ግን መብራት ያጠፋል፣ ሶፋ ይገፋል። አንድ ጨለማ 40 ሰከንድ ቢወስድ፣ 12 ጊዜ ሲጠፋ 8 ደቂቃ ሙሉ ሕዝቡ ጨለማ እያየ ነው። ከደቂቃው ይልቅ የሚጎዳው የተሰበሰበው ስሜት በየጨለማው መበተኑ ነው፤ ስልክ ይከፈታል፣ ወሬ ይጀመራል። አንድ ቦታና አንድ ቀን ላይ የሚቆይ ተውኔት ሲገጥም ጸሐፊው ከባዱን መንገድ መርጧልና ነጥብ ይሰጠው።

ስለ አዲስ ሥራ ሲነሳ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን መዝለል አይቻልም፤ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ጸሐፌ ተውኔት ከዚሁ ከሰያደብር የወጡ ሰው ናቸው። በ1910ዎቹ መጀመሪያ የጻፉት «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ» የቤተ መንግሥቱንና የሹማምንቱን ብልሹነት በአውሬዎች ተረት ሸፍኖ ነበር ያቀረበው፤ ወርቁ ግን ታወቀና በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ከመድረክ ታገደ። ጭምብሉ ዛሬም አልጠፋም፤ አውሬው ወደ እብድ ተለውጧል። በረከት በላይነህ ጽፎት ግሩም ዘነበ ብቻውን የሚጫወተው «እያዩ ፈንገስ» ፌስታሉን አንጠልጥሎ ለሕዝብ የሚናገር እብድ ነው፤ ጤነኛ ቢናገረው የሚከብደውን እሱ ይናገረዋል።

ያንድ ሰው ትያትር ለክፍለ ሀገር ከተሞች የተመቸ ነው። አንድ ተዋናይ፣ አንድ ከረጢት፣ አንድ መብራት፤ ሚኒባስ ተሳፍሮ ሸዋ ሮቢት ወይም መሐል ሜዳ መግባት ይችላል። ለዚያም ነው አስመሳዮቹ የበዙት። ጥሩውን ከመጥፎው ለመለየት ሦስት ነገር ይታይ። ሰውየው ለማን ነው የሚናገረው? «ለሕዝቡ» በቂ መልስ አይደለም፤ ሕዝቡ በታሪኩ ውስጥ ማን ሆኖ ነው የተቀመጠው፣ ለቀስተኛ? ዳኛ? አላፊ አግዳሚ? ሁለተኛ፣ ለምን ዛሬ? ትናንት ያልተናገረውን ዛሬ ምን አናገረው? ሦስተኛውና ዋናው፣ ሲጨርስ ሲጀምር ከነበረው ሰው በምን ተለየ? እነዚህ መልስ ከሌላቸው የምናየው የተቀጣጠሉ ቀልዶችን ነው። የኑሮ ውድነት ቀልድ ጥሩ ቢሆንም ከወር በኋላ የዘይት ዋጋ ሲቀየር አብሮ ያረጃል።

የታሪክ ተውኔት እዚህ አካባቢ ልዩ ክብደት አለው፤ አንኮበር አጠገባችን ነው፣ ሰላሌም ሩቅ አይደለም። ነገሥታትና አርበኞች ያለ ውርርድ ሲቆሙ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ድርቀት ያመጣሉ። ተዋናዩ ካባ ደርቦ ዓመተ ምሕረት ይዘረዝራል፤ ሌላው «አዎን ግርማዊ ሆይ» ይላል። ተመልካቹ መጨረሻውን ከትምህርት ቤት ያውቀዋል፤ ስለዚህ «ምን ይሆን?» የሚለው ጥያቄ አስቀድሞ ሞቷል። ልብ የሚሰቅለው «እንዴት?» እና «በምን ዋጋ?» ነው።

የፍቼውን ተወላጅ የአቡነ ጴጥሮስን ታሪክ ብንወስድ፣ ሐምሌ 22 ቀን 1928 በጣልያን ጥይት እንደተገደሉ የማያውቅ የለም። የተጉለቱ ተወላጅ መኮንን እንዳልካቸው ስለ እሳቸው «የደም ድምፅ»ን ጻፉ፤ ከዓመታት በኋላ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ያንኑ ሰው ይዞ «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» አለ። ርዕሱ ራሱ ትምህርት ነው። ጠቅላላ ሕይወት፣ ልደት፣ ምንኩስና፣ ሹመት ሳይሆን ያቺን ሰዓት። ጠላት አርበኞችን አውግዙ ይላል፤ ቢያወግዙ ነፍሳቸው ትተርፋለች፣ ባያወግዙ ይገደላሉ። ውርርዱ ይኸው ነው። አዲስ የታሪክ ተውኔት ስታዩ ጸሐፊው የትኛውን ሰዓት እንደመረጠ ጠይቁ። ከጣይቱ ልደት እስከ ዕረፍቷ፣ ከሣህለ ሥላሴ ንግሥና እስከ ሞቱ በሁለት ሰዓት ልንገራችሁ የሚል ሥራ አብዛኛውን ጊዜ በትረካ ድምፅ ተሞልቶ ያልቃል፤ ከመጋረጃ ጀርባ «ከዚያም በኋላ...» የሚል ወፍራም ድምፅ በሰማችሁ ቁጥር አንድ ያልተጻፈ ትዕይንት ቁጠሩ።

ስለ አዳራሾቻችን ጥቂት ነገር፤ የተውኔቱን ጥፋት ከቤቱ ጥፋት ለመለየት ይጠቅማል። የአብዛኛው የወረዳ ከተማ አዳራሽ ለስብሰባ የተሠራ ነው፤ ወለሉ ሜዳ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ከስድስተኛው ረድፍ ወደ ኋላ የተቀመጠ ሰው የተዋናዩን እግር አያይም፤ ተንበርክኮ የሚለምን ገጸ ባሕርይ ለእሱ የለም። ሦስተኛውና አምስተኛው ረድፍ መሐል ይመረጣል፤ የመጀመሪያው ረድፍ ለክብር እንግዳ እንጂ ለማየት አይመችም፣ አንገት ያማል። ክረምት ላይ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ቃለ ተውኔቱ ይሰጥማል፤ ከሐምሌ እስከ ነሐሴ የሚመጣ ቡድን ምሽት ላይ ቢያሳይ ራሱን ነው የሚጎዳው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ማታ ውርጭ ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት የሚጀምር ትያትር ያኔ ይመረጣል። ተዋናዩም ይበርደዋልና ሳያውቀው ይፈጥናል፤ ቃሉን ይውጣል። (ተመልካቹ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ስለሚያጨበጭብም ጭብጨባው አይሰማም፤ ከአዲስ አበባ የመጡ ተዋንያን ያልተወደዱ ይመስላቸዋል።)

ከሁሉ የሚያጠፋው ማይክሮፎን ነው። ሁለት ባለ መቆሚያ ማይክ መድረኩ ፊት ሲተከል ተዋንያኑ ወደዚያ ይሰለፋሉ፤ ባልና ሚስት እየተጣሉ ሁለቱም ፊታቸው ወደ ሕዝብ ነው። ያን ጊዜ «ቀዘቀዘ» የሚባለው ተውኔቱ ሊሆን አይችልም። መብራት ሲጠፋ አንዳንዴ ተዓምር ይታያል፦ ማይኩ ይሞታል፣ ተዋንያኑ እርስ በርስ መነጋገር ይጀምራሉ፣ ትያትሩ ይነሳል።

ትያትር ቤት ለሌለው ሰው ጽሑፉን ማንበብ ከሁሉ የተሻለ ነው። የታተመ ተውኔት እንደ ልብ ወለድ በልብ ከተነበበ ግን ይከሽፋል፤ ጮክ ተብሎ መነበብ አለበት። ስድስት ገጸ ባሕርያት ላሉት ሥራ ሰባት ሰው ሰብስቡ። ሰባተኛው የመድረክ መመሪያውን ብቻ ያነብባል፤ ይህ ሰው ሰነፍ ከሆነ ንባቡ ይበላሻል፣ ምክንያቱም «በሩን ዘግታ ትወጣለች» የሚለው ከንግግሩ እኩል ታሪክ ነው። የመጀመሪያው ንባብ ሳይቋረጥ፣ ያለ ትወናና ያለ አስተያየት ይለቅ። ርዝመቱን ለማወቅ አሥር ገጽ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ ለኩና በገጹ ብዛት አስሉ፤ ለእንቅስቃሴና ለዝምታ አንድ አምስተኛ ጨምሩበት። ከሁለት ሰዓት ተኩል ካለፈ መቀነስ አለበት፤ የሚቀነሰው ደግሞ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከመጀመሪያው ሩብ ነው።

በሁለተኛው ንባብ እርሳስ ያዙ። ማን መቼ ገባ፣ ማን መቼ ወጣ በሚል በግራ ጠርዝ ምልክት አድርጉ። ገጸ ባሕርይ የሚወጣው ሌሎቹ ስለ እሱ እንዲያወሩ ብቻ ከሆነ ይታወቃል፤ «እስቲ ቡና ላፍላ» ብላ ስትወጣ አፍልታ የማትመለስ ሴት በብዙ አዳዲስ ጽሑፎች ውስጥ አለች። ዕቃም ቁጠሩ። በመጀመሪያው ገቢር ሳጥን ከታየ ሳጥኑ የት ደረሰ?

ጸሐፊው ንባቡ ላይ ካለ «መልእክቱ ምንድን ነው?» ብላችሁ አትጠይቁት። ይህን ጥያቄ ያስለመዱን የትምህርት ቤት ክበባት ናቸው፤ የጸረ ኤድስ፣ የጸረ ሙስና ጭውውት ያለ ምክር አያልቅም ነበር፣ ሥራውም እሱ ነበር። ጥያቄው ወደ ሙሉ ተውኔት ሲሻገር ግን ጸሐፊውን መጨረሻው ላይ ሽማግሌ እንዲያስገባ ያስገድደዋል። ሽማግሌው ከየት እንደመጣ አይታወቅም፤ ዘንጉን ይዞ ይገባል፣ ሁሉንም ያስታርቃል፣ ተመልካቹን ይመክራል፣ መጋረጃ። ጸሐፊውን የሚጠቅሙት ሌሎች ጥያቄዎች ናቸው፤ «እዚህ ገጽ ላይ እኅትየው ዝም ያለችው ምን ፈልጋ ነው?» «አባትየው ባይሞት ኖሮ ምን ይቀየር ነበር?» «የቱ ጋ ሰለቸን?» የመጨረሻው ያስቆጣል፣ ግን ገጹን ጠቅሳችሁ ከነገራችሁት ማታ ቤቱ ገብቶ ያየዋል። «በጣም ደስ ይላል» ብቻ ያለው ሰው ምንም አልሰጠውም።

አንድ ተውኔት ከተመረቀ ከወር በኋላ እንደገና ቢታይ ብዙ ነገር ይገለጣል። ኮሜዲ ከሆነ ርዝመቱን ለኩ፤ መጀመሪያ 1 ሰዓት ከ50 የነበረው 2 ሰዓት ከ15 ደርሶ ከሆነ ተዋንያኑ ሳቅ ባገኙበት ቦታ ሁሉ የራሳቸውን ጨምረዋል። ጭማሪው ከጸሐፊው ቃል የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ ከኋላው የሚቀጥለው ገጸ ባሕርይ እንዳልሰማ ሆኖ ወደ ድሮው መሥመር ይመለሳል። ከባድ ድራማ ከሆነ ደግሞ ዝምታዎቹን ስሙ። በምረቃው ቀን ሦስት ሰከንድ የነበረው ዝምታ ከወር በኋላ ስምንት ከሆነና ሕዝቡም አብሮ ከያዘው ተዋንያኑ የጽሑፉን ሥር አግኝተዋል። ያኔ የጸሐፊውን ስም ከፖስተሩ ታች ፈልጉና ጻፉት፤ ቀጣይ ሥራው ሲመጣ እነማን እንዳሉበት ሳትጠይቁ ትኬት ትቆርጣላችሁ።